ቧንቧውን ክፈቱት፦ ለኪራይ የሚሆን ቤት ስለ መመዘንና ስለ ማደስ



ዛሬ የምናገረው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ለሚያቆሙ አልሚዎች አይደለም። እነሱ መሐንዲሱንም ጠበቃውንም በደመወዝ ይዘዋል። እኔ የማስበው ዕቁብ የደረሰውን፣ ጡረታው ሲቃረብ ቁጠባውን መቁጠር የጀመረውን፣ ቤሩት ወይም ሪያድ ለፍታ ጥሪት የያዘችውን፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ለወንድሙ ብር የሚልከውን ሰው ነው። ይህ ሰው አንድ ኮንዶሚኒየም ወይም አንድ አሮጌ ግቢ ገዝቶ ማከራየት ይፈልጋል። ምሳሌዎቼ ሁሉ ከአዲስ አበባ ናቸው።

በስሌት እንጀምር። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ እናንተ ባያችሁት ቤት ዋጋ ለውጣችሁ አስሏቸው። ደላላው ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በ6 ሚሊዮን ብር አቀረበላችሁ እንበል። «ዓይኔን ሳላሽ በወር 25 ሺህ አከራይላችኋለሁ» አላችሁ። በዓመት 300 ሺህ ብር መሆኑ ነው። አብዛኛው ገዢ እዚህ ላይ ስሌቱን ዘግቶ ቀብድ ይከፍላል። እኛ እንቀጥል። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ በዓመት አንድ ወር ባዶ ይቆያል ብንል 25 ሺህ ይቀነሳል። ለጥገና 20 ሺህ፣ ለሕንፃው ማኅበር መዋጮና ለጥበቃ 10 ሺህ፣ ለኪራይ ገቢ ግብር 25 ሺህ እንያዝ። የሚተርፈው 220 ሺህ ብር ነው፤ ከ6 ሚሊዮኑ ሲሰላ አራት በመቶ እንኳ አይሞላም። ስም ሲዛወር ደግሞ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፤ ደላላውም 2 በመቶውን ይጠብቃል። ሁለቱ ብቻ 240 ሺህ ብር ናቸው። የመጀመሪያው ዓመት ኪራይ ኪሳችሁ ሳይገባ አለቀ ማለት ነው። በሕግ የሻጩ የሆነውን የካፒታል ጌይን ግብርም ሻጩ «ለእኔ ንጹሕ ብር ይድረሰኝ» ብሎ ወደ እናንተ ሊያዞረው ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ስትቆርጡ ማን የቱን እንደሚከፍል አብራችሁ ቁረጡ።

አሁን ይህን ከባንክ ጋር አስተያዩት። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል። በዚህ ሂሳብ 6 ሚሊዮን ብር የወለድ ግብር ሳይነሳለት በዓመት 420 ሺህ ብር ይወልዳል። ቧንቧ አይፈነዳም፣ ከተከራይ ጋር ሽምግልና መቀመጥ የለም።

ታዲያ ሰው ለምን ቤት ይገዛል? መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ብሩ ባንክ ተቀምጦ ይሟሟል፣ ቤቱ ግን ከኑሮው ጋር አብሮ ይወደዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያን ክረምት ቤት የነበረውና ብር ብቻ የነበረው ሰው እኩል አላደሩም። ይህን አልክድም። የምለው ግን፣ ኪራይና የዋጋ ጭማሪ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና አንዱን በሌላው አትሸፍኑ ነው። ኪራይ በየወሩ እጅ ላይ የሚደርስ ገንዘብ ነው። የዋጋ ጭማሪ ግን ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ ወሬ ነው፤ መሸጥም ወራት ይፈጃል። እኔ ቤትን በኪራዩ መመዘንን እመርጣለሁ፤ የዋጋው ጭማሪ ከመጣ እንደ ምራቂ ይቆጠር።

እዚህ ላይ አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን አንድ ነገር ልበል። እዚያ በአነስተኛ ቤት አከራዮች ዘንድ የታወቀ መለኪያ አለ፤ የወር ኪራዩ የዋጋውን አንድ በመቶ ያህል ከሆነ ቤቱን ማየት ይገባል ይባላል። በእኛ ምሳሌ 25 ሺህ ከ6 ሚሊዮን ግማሽ በመቶም አይደርስም። እዚያ ለ30 ዓመት ወለዱ የማይነቃነቅ ብድር ይገኛል፤ ተከራዩም ቀስ በቀስ ብድሩን ለባለቤቱ ይከፍልለታል። እዚህ ለቤት ብድር የተቋቋመው የመጀመሪያው የግል ባንክ፣ ጎህ ቤቶች፣ ሥራ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው፤ አነስተኛው ገዢ ዛሬም በአመዛኙ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። ስለዚህ «በሰው ገንዘብ ቤት ግዛ» የሚሉትን የአሜሪካ መጻሕፍት እዚያው ተጠቀሙባቸው። የቤታችሁን ቤዝመንት ማከራየት እንኳ ከዚህኛው አገር ኮንዶሚኒየም የተሻለ ሊከፍል ይችላልና ሳታወዳድሩ ብር አትላኩ።

ኪራይን የመመዘን ልማዳችን የሳሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታውም ቢበዛ 500 ካሬ ሆነ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ቤት አከራይቶ መኖር ያኔ ተቋረጠ፤ አባት ለልጁ ሊያስተምረው የሚችለው ሙያም አብሮ ጠፋ። ዛሬ የምናየው ትንሹ አከራይ በአብዛኛው ከኮንዶሚኒየም ዕጣ በኋላ የመጣ ነው።

ስለ ሰነድ ደረቅ ደረቁን ልናገር፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። የሰፈር ሽማግሌ የፈረመበት፣ የዕድር ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ወዳጅነትን ያሳይ እንደሆነ እንጂ ቤት አያዛውርም። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ይፈረም። ሻጩ ያገባ ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ይቅረቡ፤ በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። «ሚስቴ ክፍለ አገር ናት፣ ስትመጣ ትፈርማለች» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ቀብዳችሁን ይዛችሁ ሚስቱ እስክትመጣ ጠብቁ።

በተለይ በውክልና የሚደረገውን የኮንዶሚኒየም ግዢ እፈራዋለሁ። የ20/80 ቤት በዕጣ የደረሰው ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ አይችልም። ገበያው ለዚህ ዘዴ ፈጠረ፤ ገዢው ሙሉውን ዋጋ ይከፍልና ሻጩ «የመሸጥ፣ የመለወጥ» ሥልጣን የያዘ ውክልና ይሰጠዋል። ገዢው ገብቶ ቤቱን ያድሳል፣ ያከራያል፣ ጊዜው እስኪሞላ ይጠብቃል። ሻጩ በመካከል ቢሞትስ? ወካዩ ሲሞት ውክልና ይቀራል። ወራሾች ይመጣሉ፤ ካርታው ላይ ያለው ስም የአባታቸው ነው። ሴራሚኩን ያነጠፈውና ኪችን ካቢኔቱን ያሠራው ገዢ በፍርድ ቤት ኮሪደር ዓመታት ይቆማል። ዋጋው የረከሰበትም ምክንያት ይኸው ስጋት ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ በዘመድ ስም የምትገዙም አላችሁ። ዜግነት የቀየረ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ በምንለው መታወቂያ፣ በራሱ ስም ቤት ማፍራት ይችላል። ዘመድን መውደድ ሌላ፣ ቤትን በስሙ ማስመዝገብ ሌላ።

ለግቢ ቤት ካርታውን ይዛችሁ ሜትር ዘርጉ። ካርታው 175 ካሬ ሲል አጥሩ 200 ካሬ ከልሎ ከሆነ ትርፉ የእናንተ አይደለም፤ አንድ ቀን ይፈርሳል። ሰርቪሱ በፕላኑ ላይ መኖሩን እዩ። ቦታው ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል፤ በሊዝ የተያዘ ከሆነም ቀሪ ክፍያው አብሯችሁ ይመጣል። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን አረጋግጡ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የመንገድና የመልሶ ማልማት ፕላኑ ከምንጊዜውም በላይ ይጠየቃል፤ ነባር ሰፈሮችን ያፈረሰው የኮሪደር ልማት ፒያሳንና ካዛንቺስን ምን እንዳደረጋቸው ሁላችሁም አይታችኋል። የክፍለ ከተማውን የፕላን ክፍል ሳታነጋግሩ በአንድ አሮጌ ግቢ ላይ ብር አታፍስሱ።

ሰነዱ ከተስተካከለ ወደ ቤቱ እንግባ።

ቤት የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ደላላው ግን መስከረም ላይ፣ አደይ ሲፈነዳና ቀለሙ ሲደርቅ ሊያሳያችሁ ይወዳል። በክረምት ሂዱ። ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ፤ ቡናማ ክብ ቀለበት ካለ ጣሪያው ያፈሳል። አዲስ ቀለም በአንድ ጥግ ብቻ ከተቀባ፣ ለምን እዚያ ብቻ? መዳፋችሁን ከውሃ ልክ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ አሳርፉት፤ ከቀዘቀዘና ልስኑ ዱቄት ከሆነ እርጥበት ከታች እየወጣ ነው። ቦሌ፣ ሲኤምሲ፣ አቃቂና ቃሊቲ አካባቢ ጥቁር አፈር በብዛት አለ። ይህ አፈር ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቅ ያልሆነ ቤትም አብሮት ይነሳል፣ ይወድቃል። ምልክቱ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ የልስን ስንጥቅ አያስፈራም። ሳንቲም የሚያስገባ ሰያፍ ስንጥቅ ግን መሐንዲስ ይጠራበታል፤ ለመሐንዲሱ የሚከፈለው ከዋጋው ጋር ሲነፃፀር ከምንም አይቆጠርም።

የጭቃ ቤት ከሆነ የምሰሶውን እግር በጩቤ ጫፍ ወጋ አድርጉት። ጫፉ ሰተት ብሎ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ ውስጡን ጨርሶታል፤ የሚያቆመው ልስኑ ብቻ ነው። ጫፉ ካልገባ ግን አትናቁት። በደንብ የተሠራ የጭቃ ቤት ሙቀትን ይይዛል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። የሚገድለው ከጣሪያ ወርዶ መሬት ነጥሮ ግድግዳውን የሚመታው ውሃ ነው። አሸንዳ ሰቅሎ፣ ውሃውን በቦይ ከቤቱ አርቆ፣ እግሩን በድንጋይና በሲሚንቶ መክበብ ከሁሉ እድሳት የረከሰና ከሁሉ የሚጠቅም ሥራ ነው። ብዙ ባለቤት ግን አሸንዳውን ትቶ ውስጡን ጂፕሰም ያሠራል። ምን ይደረግ፣ አሸንዳ ለእንግዳ አይታይም።

ኮንዶሚኒየም ስታዩ አራተኛ ፎቅ ውጡና ቧንቧውን ክፈቱ። በብዙዎቹ ሊፍት የለም፤ ደረጃው የሚነግራችሁ አለ፤ ሽማግሌ ተከራይ እንደማይገባበት ጉልበታችሁ ያስተምራችኋል። ቧንቧውን ስትከፍቱ ፉጨት ብቻ ከወጣ ዕቃ ማጠቢያው ሥር እዩ፤ ቢጫ ጄሪካኖች ተደርድረው ታገኛላችሁ። የጄሪካኖቹን ብዛት ቁጠሩ፤ ከሻጩ ንግግር ይልቅ እነሱ እውነቱን ይናገራሉ። ከዚያ ጎረቤት አንኳኩና «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቀን ነው ሌሊት?» ብላችሁ ጠይቁ። ጎረቤት የሚሸጥላችሁ ነገር የለውም። ሽንት ቤቱን በባልዲ ውሃ ልቀቁበት፤ ቀስ ብሎ ከወረደ ችግሩ የእናንተ ቤት ሳይሆን የሕንፃው ቱቦ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ለማሠራት ደግሞ የሁሉም ነዋሪ መዋጮ ያስፈልጋል። በግቢ ቤት ላይ የፍሳሽ ጉድጓዱ የት እንዳለና የመምጠጫ መኪናው በመንገዱ ማለፍ መቻሉን እዩ። መኪና የማይገባበት ቅያስ ውስጥ ጉድጓድ ሲሞላ ምን እንደሚሆን ለመገመት አፍንጫ ይበቃል።

መብራቱስ? እንጀራ ምጣድ ብቻውን ከሦስት እስከ አራት ኪሎዋት ይበላል። የብዙ አሮጌ ቤት ሽቦ ለአምፖልና ለራዲዮ የተዘረጋ ነው። «ምጣድ አይፈቀድም» የሚል አከራይ የቆጣሪውን ንባብ ብቻ አይደለም የሚፈራው፣ ሽቦው እንደማይችል ልቡ ያውቃል። ግን ምጣድ የማይሰካበት ቤት ቤተሰብ ያለው ተከራይ አያገኝም፤ የሚመጣው ላጤ ነው፣ ላጤ ደግሞ ቶሎ ይለቃል። ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያለው የምጣድ መሰኪያ ማስገባት ከኮርኒስ መብራት በፊት መምጣት አለበት።

እድሳትን የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ያወጣሁት ብር በኪራይ ጭማሪ በስንት ዓመት ይመለሳል? ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለ እንበል፤ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ በሩም በዋናው ቤት በኩል ነው። የራሱን ሽንት ቤትና ሻወር፣ ወደ ውጭ የሚወጣ የራሱን በር፣ ሮቶና ትንሽ ፓምፕ በ180 ሺህ ብር ብታደርጉለትና ኪራዩ በወር 5 ሺህ ቢጨምር ገንዘቡ በሦስት ዓመት ተመለሰ። ያንኑ ብር ለሳሎን ጂፕሰምና ለግድግዳ ድንጋይ ብታውሉትና ኪራዩ 1 ሺህ ብቻ ቢጨምር 15 ዓመት ይፈጃል፤ ያን ጊዜ ፋሽኑ አልፎበታል። የተከራይን ልብ የሚያሸንፈው ቁልፉን ከሰው ጋር ሳይጋራ መግባት፣ ከሥራ መልስ ውሃ ማግኘት፣ የራሱን ቢል መክፈል ነው። ቢሉን በተለይ ላስረዳ። የመብራትም የውሃም ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር መጠኑ ከፍ ይላል። አራት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ተደምረው ከፍተኛው እርከን ላይ ይወጣሉና እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን ከሚከፍለው በላይ ይከፍላል፤ ከዚያ «ፍሪጅ ያለው እሱ፣ የሚያጥበው እሷ» እያሉ ይጣላሉ። የየራሳቸው ቆጣሪ ከተገኘ ክፍያውም ጠቡም ይቀንሳል።

በኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትነኩትን ዕወቁ። ክፍል የሚከፍለውን አግሮስቶን ወይም ብሎኬት ማንሳት አንድ ነገር ነው፤ ኮለንና ቢም መብሳት ግን የላይና የታች ጎረቤቶችን ሕይወት መድፈር ነው። ሽንት ቤትን ከቦታው ማዛወርም የታችኛውን ሰው ኮርኒስ ያበላሻል። ግቢ ላይ ለመጨመር ስታስቡ የግንባታ ፈቃድ አውጡ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ጊዜውም ይታሰብ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ደንግጓል። የኪራይ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሚወጣው ተመን ብቻ ነው። አንዳንድ አከራይ ይህን እንደ ጠላት ያየዋል። እኔ አላየውም፤ ሁለት ዓመት የሚቆይ ተከራይ ስሌቴ ውስጥ የነበረውን ባዶ ወር ይቀንስልኛል። የሚለውጠው የሥራ ቅደም ተከተልን ነው። ድሮ ሰው እንደነገሩ ያከራይና «እያደስኩ እጨምራለሁ» ይል ነበር። አሁን መጀመሪያ የተመዘገበው ኪራይ ለዓመታት ይከተላችኋል። ስለዚህ ሽንት ቤቱም፣ ሽቦውም፣ ሮቶውም ውል ከመፈረሙ በፊት ይለቁ፤ የግዢ በጀት ሲያዝም የእድሳቱ ብር አብሮ ይያዝ። 6 ሚሊዮን ያለው ሰው የ6 ሚሊዮን ቤት መግዛት የለበትም፤ 5 ሚሊዮን ከግማሹን አይቶ ቀሪውን ለስም ማዛወሪያና ለጥገና ይያዝ።

የመጨረሻው ነገር ስለ ወረቀት ነው። የኪራይ ገቢ ግብር እርከኑ ከፍ ሲል እስከ 35 በመቶ ይደርሳል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ አከራይ ለቤቱ ያወጣውን ወጪ በማስረጃ ያስቀንሳል። ስለዚህ መርካቶ ቧንቧና ሽቦ ስትገዙ «ያለ ደረሰኝ ላርክስልህ» ለሚላችሁ ነጋዴ እሺ ከማለታችሁ በፊት ቅናሹን ከሚቀርባችሁ የግብር ተቀናሽ ጋር አስሉት፤ ለአናጺውና ለቧንቧ ሠራተኛውም ስትከፍሉ በባንክ ክፈሉና ማስረጃውን ከካርታው ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡ። ቤቱን ለመሸጥ ስትነሱ ገዢው ሽቦው መቼ እንደተቀየረና ሮቶው መቼ እንደተተከለ ይጠይቃችኋል፤ ያን ጊዜ ፋይሉን ፊቱ ዘርግታችሁ ዋጋ ትነጋገራላችሁ።